የልብ ድካም መድኃኒት በሐኪምና በፋርማሲስት እጅ፦ በድሬዳዋና በሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በክትትል ክፍልና በመድኃኒት መስጫው መስኮት ዘወትር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ የተጠቀሱት መጠኖች ለማስረዳት እንጂ በራስዎ መድኃኒት እንዲቀይሩባቸው አይደለም።

የልብ ድካም አለብህ ተባልኩ። ልቤ ሊቆም ነው?

አይደለም። ልብዎ ደም የሚገፋበት ጉልበት አንሷል ማለት ነው። ደሙ በሚገባው ልክ ወደፊት ስለማይሄድ ውሃ ወደኋላ ይጠራቀማል፦ እግር ያብጣል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ማታ ሁለት ሦስት ትራስ ካልደረቡ መተኛት ያቅታል። በድንገት ደረትን ቀስፎ የሚይዘውን የልብ ሕመም ሰው በተለምዶ ‹‹ልብ ድካም›› ስለሚለው ሁለቱ ይምታታሉ። በአገራችን የልብ ድካም መነሻ ብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ ደም ግፊት፣ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭን የሚጎዳው የሪውማቲክ በሽታ ወይም የልብ ጡንቻ መላላት ነው።

ይህ ሁሉ ኪኒን ለምን? አንዱ አይበቃም?

አይበቃም፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። ለሁለት ከፍለው ይያዟቸው። አንደኛው ወገን ዛሬ የሚያስተነፍስዎት ነው፦ ፉሮሴማይድ፣ ብዙ ሰው ላዚክስ የሚለው። የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ያወጣል፣ እብጠት ያጎድላል፤ ዕድሜ እንደሚያረዝም ግን አልተረጋገጠም። ሁለተኛው ወገን ዕድሜ የሚያረዝመው ነው። እዚህ ውስጥ ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ፣ የልብ ምትን የሚያረጋጉት ቤታ ብሎከር የሚባሉት (ካርቬዲሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት)፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ እንዲሁም ለስኳር ተሠርተው ልብን ሲጠቅሙ የተገኙት ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን አሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ የልብ የመግፋት አቅማቸው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ተለክቶ 40 በመቶና ከዚያ በታች ለሆነ ሰዎች ከእነዚህ ዕድሜ አርዛሚ አራት ምድቦች አንድ አንድ እንዲሰጣቸው ይመክራል።

ችግሩ ላዚክስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽንት ቤት ያስሮጣል፤ ሌሎቹ ግን ሲዋጡ ምንም ስሜት የላቸውም። ገንዘብ ሲያጥር ታማሚው ላዚክሱን ገዝቶ ‹‹የማይሠራውን›› ይተወዋል። የተተወው ዕድሜ የሚያረዝመው ነው።

ሐኪም ካዘዘልኝ በኋላ ፋርማሲስቱ ደግሞ ምን ይጠይቀኛል?

ሐኪሙ የሚያውቀው ያዘዘውን ነው። እርስዎ ቤትዎ ገብተው በእርግጥ የሚውጡትን ለማወቅ የተሻለ ዕድል ያለው ፋርማሲስቱ ነው። መጠኑ ትክክል ነው ወይ፣ ከሌላ ቦታ የታዘዘ መድኃኒት አለ ወይ፣ ኩላሊትዎ ይችለዋል ወይ፣ ኪኒኑን እንዴት ለሁለት ይከፍሉታል ብሎ ይጠይቃል። መድኃኒት የሚያዝዘውና የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፤ ፋርማሲስቱ ያየውን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። ክሊኒካል ፋርማሲስት (ከሐኪሞች ጋር በታካሚው አጠገብ የሚሠራ ፋርማሲስት) ባለበት ሆስፒታል ደግሞ ሐኪሙ አልጋ ለአልጋ ሲዞር አብሮ ይዞራል።

ጥቅሙ ተለክቷል። በ1999 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት 181 የልብ ድካም ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ ክሊኒካል ፋርማሲስት መድኃኒታቸውን ከሐኪሙ ጋር እንዲከታተልና ስልክ እየደወለ እንዲጠይቃቸው አደረገ። ሞትና ከልብ ድካም የተያያዘ ችግር ተደምሮ ፋርማሲስት ባለበት ወገን 4፣ በሌለበት 16 ሆነ። እነዚያ ታካሚዎች የኢናላፕሪል ዓይነቱን መድኃኒት ወደ ሙሉ መጠኑ ይበልጥ ተጠግተው ይወስዱ ነበር።

ለቀጠሮ ምን ይዤ ልምጣ?

ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይምጡ። ስሙን በቃል መናገር አይበቃም። ያለቀበትን ባዶ ልጣጭ፣ የቆመውን፣ ከጎረቤት የተዋሱትን፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና የሽፈራው ዱቄቱን ጭምር። ካርድዎንና የመጨረሻውን የላቦራቶሪ ወረቀት አይርሱ።

ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ የሚወጣው ነገር ይህን ይመስላል። አንድ ልጣጭ ‹‹ላዚክስ 40››፣ ሌላ ልጣጭ ‹‹ፉሮሴማይድ 40››፦ ያው አንዱ መድኃኒት ነው፣ ታካሚው ግን ሁለት ዓይነት መስሎት ከሁለቱም አንድ አንድ ይውጣል። ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ኢናላፕሪል አለ፣ ከግል ክሊኒክ የታዘዘ ሎሳርታን አለ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ አይወሰዱም፣ ፖታሲየም ይሰቅላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ከታች ደግሞ ከልጣጫቸው ወጥተው በአንድ ብልቃጥ የተቀላቀሉ ነጫጭ ፍሬዎች። እነዚህን ማንም መለየት አይችልም፤ ይጣላሉ።

አማርኛ የማያነቡ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ እንዲነገርዎት ይጠይቁ። ብዙ ፋርማሲስት ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ከረጢቱ ላይ ይሥላል፤ ካልሣለልዎት ያሥሉት።

በግማሽ ፍሬ ጀመርኩ፤ አሁን በየጊዜው ይጨመርልኛል። በሽታው ብሶብኝ ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ሕክምናው በመንገዱ እየሄደ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአንዴ ሙሉ መጠን ከተሰጡ ግፊት ይጥላሉ፣ ስለዚህ ከታች ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ወደ ላይ ይወጣሉ። ካርቬዲሎል በቀን ሁለት ጊዜ 3.125 ሚሊ ግራም ይጀመራል (የ6.25 ፍሬ ግማሽ ማለት ነው)፣ ከዚያ 6.25፣ 12.5፣ ግቡ 25 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ። ኢናላፕሪል ከ2.5 ሁለት ጊዜ ተነስቶ ወደ 10 ወይም 20 ሁለት ጊዜ። ቢሶፕሮሎል በቀን አንዴ ከ1.25 ወደ 10።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ መነሻው መጠን ‹‹ተስማምቶታል›› ተብሎ ለዓመታት እዚያው መቅረት ነው። ፋርማሲስቱ ካርዱን ገልጦ ‹‹ከመስከረም ጀምሮ 3.125 ላይ ነው፣ ምቱ 84፣ ግፊቱ 118፤ ይጨመርለት?›› ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ውሃው ሳይወርድ ቤታ ብሎከር መጨመር፤ ይህ የትንፋሽ ማጠርን ያባብሳል። መጀመሪያ እብጠቱ፣ ከዚያ ጭማሪው። በተጨመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም ሊሰማዎት ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ካርቬዲሎልን ከምግብ ጋር ይውሰዱ፣ ከተቀመጡበትም ቀስ ብለው ይነሱ። ቤታ ብሎከር በአንድ ጊዜ አይቋረጥም።

ላዚክሱን መቼ ልዋጥ? በድሬ ሙቀትስ? መንገድ ስወጣስ?

ጠዋት። ሁለተኛ ፍሬ ካለዎት ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ፤ ከዚያ ካለፈ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ። የተዋጠ ላዚክስ በሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይሠራል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ለቀጠሮ በሚኒባስ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ ሽንት እንዳይዘው ብሎ የዕለቱን ይዘልለዋል፤ ሐኪሙም ያበጠ እግር አይቶ መጠኑን ይጨምርለታል። አይዝለሉት፤ ደርሰው፣ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ይዋጡት፤ ለሐኪሙም ገና አሁን እንደወሰዱ ይንገሩት።

ቤትዎ ሚዛን ካለ በየጠዋቱ ሽንት ሸንተው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑና ይጻፉ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውሃ ነው፤ እስከ ቀጠሮው አይጠብቁ። ሚዛን ከሌለ የቀበቶ ቀዳዳና የጫማ ጥበትም ይናገራል።

ድሬዳዋ ከሐረር 700 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በላብ ብዙ ውሃ ይወጣል። ሐረር ላይ የተስተካከለ መጠን እዚያ ሊበዛ ይችላል። ሲነሱ ጭልም ካለብዎት፣ አፍዎ ከደረቀ፣ ኪሎዎ ከተለመደው ከወረደ ይደውሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘዎት ቀን ደግሞ ላዚክስ፣ ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶንና ዳፓግሊፍሎዚን ለጊዜው መቆም ሊኖርባቸው ይችላል፤ የትኛው፣ ለስንት ቀን የሚለውን ቀድመው አስጽፈው ይያዙ። መድኃኒቱንም በመስኮት ዳር፣ በመኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አያስቀምጡት።

የታዘዘልኝ የለም ተባልኩ። በሚመስለው ይቀየርልኝ?

ፋብሪካው ወይም የንግድ ስሙ ብቻ ተለይቶ ውስጡ ያው ከሆነ፣ ሚሊ ግራሙም እኩል ከሆነ፣ ይውሰዱ። ፍሬው ቀለሙን ስለቀየረ ግን የድሮውንም ጨምረው እንዳይውጡ።

መድኃኒቱ ራሱ ሲለወጥ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም። ሁሉም ቤታ ብሎከር ለልብ ድካም አይሆንም፦ አቴኖሎል ለግፊት እንጂ ለዚህ አልተመሰከረለትም። ሜቶፕሮሎልም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰክሲኔት የሚባለው ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚለቀው ነው በልብ ድካም የተፈተነው፣ ታርትሬት የሚባለው አይደለም። ማዘዣው ላይ ‹‹ሜቶፕሮሎል›› ብቻ ከተጻፈ ፋርማሲስቱ ደውሎ ማጣራት አለበት። ቀስ እያለ የሚለቀው ፍሬ መስመር ካለው ለሁለት ይከፈላል፣ ግን አይፈጭም አይታኘክም። ኪኒንዎ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይፈልጉ፤ የመጨረሻዋን ፍሬ ውጠው ፍለጋ መውጣት አያዋጣም።

ደኅና ነኝ፤ ደም ምርመራው ለምን ይደጋገማል?

ለፖታሲየምና ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ ለሚያሳየው ክሬአቲኒን። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲሰጡ ፖታሲየም ከፍ ይላል፤ በጣም ከፍ ካለ ልብን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊያቆም ይችላል። ስፓይሮኖላክቶን ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ በ1 ሳምንትና በ4 ሳምንት ይታያል፣ ከዚያ በየጥቂት ወሩ። ከ5.5 ካለፈ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ6 ካለፈ ይቆማል፣ ወዲያው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይታያል።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ስፓይሮኖላክቶን በከባድ የልብ ድካም ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ሐኪሞች በሰፊው ማዘዝ ጀመሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ታካሚ 2.4 ያህሉ በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል ይገቡ የነበሩት በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ 11 አሻቀቡ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የጎደለው ክትትሉ ነበር።

በሌላ በኩል ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ደሙ ሲቀዳ በኃይል ከተሳበ፣ እጅዎን ደጋግመው ጨብጠው ከነበር ወይም ናሙናው በሙቀት ለሰዓታት ከቆየ ከሴሎች ውስጥ ፖታሲየም ይወጣና ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ደኅና መስሎ 6.3 የመጣ ሰው ኢሲጂው እየታየ ናሙናው በአስቸኳይ ይደገማል።

ለወገቤና ለጉልበቴ ዲክሎፌናክ ብገዛስ?

አይግዙ። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ጨውና ውሃ ይይዛሉ፣ ላዚክስን ያደክማሉ፣ ኩላሊትን ይጫናሉ። ተረጋግቶ የነበረ ሰው በሳምንት ውስጥ አብጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፣ መርፌውም ጭምር። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ የሚፈላው ዓይነት ግን ሶዲየም ስላለው ይቅር።

ከአንቲባዮቲክ ደግሞ ኮትሪሞክሳዞል፣ ባክትሪም የሚሉት፣ ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ፖታሲየም ይሰቅላል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ‹‹ለአሜባ›› ብሎ ሜትሮኒዳዞል ከገዛ ደሙ ከመጠን በላይ ይቀጥናል። መድኃኒት ቤት በገቡ ቁጥር፣ ለጉንፋንም ቢሆን፣ ‹‹የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ›› ማለትን ይልመዱ።

ኢናላፕሪል ከጀመርኩ ደረቅ ሳል ያዘኝ። ላቁመው?

በራስዎ አያቁሙ። ሳሉ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀምም ያስላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ያዳምጥ። ከመድኃኒቱ ከሆነ በሎሳርታን ወይም በቫልሳርታን ይቀየራል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ ወደያዘው ሳኩቢትሪል–ቫልሳርታን ከተቀየሩ ግን ከመጨረሻው ኢናላፕሪል በኋላ 36 ሰዓት ይጠበቃል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል፤ ኢናላፕሪልም ከዚያ ወዲያ አይደገምም።

ጫትስ?

መልሱ ‹‹ይተዉት›› ነው። በዚህ አካባቢ ግን በዚህ ብቻ ከተዘጋ ታካሚው ይደብቃል፣ ስለዚህ ትንሽ እንዘርዝረው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና ግፊት ያስነሳል፤ ካርቬዲሎል የሚያወርደውን ጫት መልሶ ይሰቅለዋል። ከቅጠሉ ሌላ በርጫው የሚያመጣው ጣጣ አለ፦ ሊትር ውሃና ለስላሳ ይጠጣል፣ ጨው ያለው ኦቾሎኒ ይቆረጠማል፣ እራት ይቀራል፣ ከእራት ጋር የሚዋጠው ኪኒንም አብሮ ይቀራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጨብሲ ከተጨመረበት አልኮሉ አለ።

ከሁሉ የሚከፋው ‹‹ዛሬ ቅሜያለሁ፣ እንዳይጣላብኝ›› ብሎ የልብ መድኃኒቱን መዝለል ነው። ቢቅሙም መድኃኒትዎን አይዝለሉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቅሙም ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም በግልጽ ይንገሩ። ሐኪሙ ሳያውቅ ምቱ ከፍ ያለው በበሽታው መስሎት መጠን ይጨምራል፤ ባልቃሙበት ቀን ያ መጠን ይጥልዎታል። ስለ ጫት የማይጠይቅ የልብ ክትትል እዚህ ከተማ ግማሽ ክትትል ነው።

ረመዳን ልጹም? ለሌላውስ ጾም?

በቅርብ ሆስፒታል ተኝተው ከነበር፣ ቁጭ ብለውም ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ወይም ኩላሊትዎ ከደከመ፣ አይጹሙ፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል። ተረጋግተው ከሆነ ከረመዳን አንድ ወር ቀደም ብለው ይምጡ። በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይዛወራል፣ አንዴ የሚወሰደው ወደ ኢፍጣር። ላዚክስን በሱሁር መዋጥ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ እየሸኑ መዋል ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ይሻላል። ኢፍጣር ላይ ሾርባና ሳምቡሳ ጨው ይዘው ይመጣሉ፤ ውሃውንም በአንዴ አያግበስብሱት።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን የጠዋቱን መድኃኒት አይዝለል። በታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የሚወጡም መድኃኒታቸውን ይዘው ይውጡ፤ ጠበል በብዙ መጠጣት ለዚህ ሕመም ውሃ መጨመር መሆኑም አይረሳ።

ዲጎክሲን እወስዳለሁ። ለምን እንዲህ ይፈራል?

ዲጎክሲን የልብ ምትን የሚያዘገይና ግፊቱን የሚያግዝ መድኃኒት ነው፤ የሚፈራው በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ነው። ፍሬው ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊ ግራም ሲሆን ለብዙ ሰው ግማሹ ይበቃል፤ በተለይ በዕድሜ ለገፉ፣ ለቀጠኑና ኩላሊታቸው ለደከመ። ላዚክስ ፖታሲየም ሲያወርድ የዲጎክሲን መርዛማነት ይጨምራል። አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲንና ለተዛባ የልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን በደም ውስጥ መጠኑን ከፍ ያደርጋሉ፤ አሚዮዳሮን ሲጀመር ዲጎክሲን በግማሽ ገደማ ይቀነሳል።

ከመዋጥዎ በፊት አንጓዎ ላይ ምትዎን ለ1 ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። ከ60 በታች ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ካስመለስዎት ወይም ነገር ሁሉ ቢጫ ከመሰለዎት አይዋጡት፤ ያን ዕለት ሐኪም ይዩ። ማቅለሽለሹን ‹‹ጨጓራ ነው›› ብሎ ኦሜፕራዞል መግዛት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

የሪውማቲክ ታካሚ ነኝ። የወር መርፌው ይቀጥላል?

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው በሽታው እንዳይደገም ነው፤ የልብ ኪኒን አይተካውም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ግን፣ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ወይም የልብ ጉልበታቸው የደከመ ታካሚዎች መርፌው በተሰጠ ሰዓት ራሳቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ የሚዋጠው ፔኒሲሊን ይታሰብላቸው ይላል። ከዚህ ወገን መሆንዎን የሚያውቀው ኢኮዎን ያየው ሐኪም ነው።

ማርገዝ ብፈልግስ?

ከማርገዝዎ በፊት ይንገሩ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ሳኩቢትሪል–ቫልሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ለጽንሱ ስለማይሆኑ በሌላ ይተካሉ። የወር አበባ ከቀረ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይጠብቁ ይምጡ። ከወሊድ ጋር የተያያዘ የልብ ድካም የነበረባት እናት ደግሞ ድጋሚ ማርገዝ ራሱ አደገኛ ሊሆንባት ይችላል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያው ምርጫም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት።

ሐኪሙ አንድ ነገር፣ ፋርማሲስቱ ሌላ ነገር ቢሉኝ ማንን ልስማ?

መካከል ገብተው እርስዎ መልእክተኛ አይሁኑ። ‹‹እባክዎ ደውለው ይነጋገሩልኝ ወይም ይጻፉልኝ›› ይበሉ። ደህና ማስታወሻ አጭር ነው፦ ‹‹ስፓይሮኖላክቶን 25 በቀን አንዴ፣ ኢናላፕሪል 10 ሁለቴ ላይ ናቸው። ትናንት ከሌላ ክሊኒክ ኮትሪሞክሳዞል ለ7 ቀን ታዞላቸዋል። ፖታሲየም የታየው ከ3 ወር በፊት ነው፣ 5.1። አንቲባዮቲኩ ይቀየር? ፖታሲየምም ዛሬ ይታይ?›› ያየውን፣ የሚያሰጋውን፣ የሚያቀርበውን ሐሳብ ይዟል። ‹‹መድኃኒቱ ይጋጫል›› ብቻ ብሎ የሚመልስ ማስታወሻ ሐኪሙን ያናድዳል፣ ታካሚውንም ያመላልሳል።

መልሱ እስኪመጣ ነባሩን መድኃኒት ይቀጥሉ፣ ጥያቄ የተነሳበትን አዲሱን ብቻ ያቆዩ። ከዚህ የሚለየው አደጋ ሲኖር ነው፦ ምት ከ50 በታች ከሆነ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ተኝተው መተንፈስ ካቃተዎት ወይም አረፋ ያለው አክታ ካስሳለዎት የማንንም መልስ አይጠብቁ፣ ፌስታሉን ይዘው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሐኪሙ ለውጥ ካደረገ ለውጡ ካርዱ ላይ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ‹‹ቆሟል›› ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሐኪም ተረስቶ መስሎት መልሶ ያዝዘዋል።